ለቀብር ያልሰጠኋት መኪና

ቡታጅራ ውስጥ ስለ እኔ ብዙ ይወራል፤ አብዛኛው እውነት ነው። አዎ፣ መኪና ሥር እተኛለሁ። አዎ፣ ግሪስ ከጥፍሬ ሳይለቅ ሱቄን ከፍቼ ለሙሽራ ጨርቅ ለክቻለሁ፤ ሙሽራዋም በሰላም ተድራ ወልዳለች። ጎረቤት ሄጄ ሰው ከማማ ካርቡሬተር ባጸዳ ይሻለኛል ማለቴም እውነት ነው። ያልኩባት ጎረቤቴ ሰምታኛለች፤ እንድትሰማ ብዬ ነው ጮክ ብዬ ያልኩት። ውሸቱ አንድ ብቻ ነው። "ለሞተ ሰው እንኳ የማትራራ" ይሉኛል። እሱን ግን አልውጠውም። ነገሩ እንዴት እንደነበር ከራሴ አፍ ስሙት።

መኪናዋ አሜሪካኖች ድሮ፣ ቤንዚን እንደ ውሃ በነበረበት ዘመን፣ ለሀብታሞቻቸው የሠሯት ናት። ሞተሯ ስምንት ሲሊንደር ነው። መስኮቶቿ ቁልፍ ሲጫኑ በኤሌክትሪክ ይወርዳሉ፤ ያኔ፣ በዚያ ዘመን! ፊቷ ኒኬል ብቻ ነው፣ ኋላዋ ደግሞ ተሂዶ አያልቅም። ግቢዬ ውስጥ ስትቆም አፍንጫዋ ማድ ቤቱን፣ ጭራዋ የውጪውን በር ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። የሰፈሩ ሰው "መርከቧ" ይላታል። ሲያሾፍ ነው። እኔ ግን ስሙን ወድጄላታለሁ።

ያመጣት ባሌ ነው፤ አላህ ይዘንለትና የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከአንድ ነጋዴ ግቢ አስጎትቶ ሲያመጣት ሊነዳት አልነበረም። ሞተሯን አውጥቶ ወፍጮ ሊያስዞርበት፣ ቀሪውን ለቁራሌው ሊሰጥ ነበር ሐሳቡ። ሠራተኞቹ ሞተሩን የሚያነሱበትን ሰንሰለት ዛፉ ላይ ሲያስሩ ዝናብ መጣ። እኔ ከገመድ ላይ ልብስ ልሰበስብ ወጥቼ ነበር፤ ዝናቡ ሲበረታብኝ የኋላ በሯን ከፍቼ ገባሁ። ተቀመጥኩ። ወንበሩን አይጥ በልቶታል፣ ሽታው አይጣል ነው። ግን ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ከነርጥብ ልብሴ እቅፍ አድርጎ ነው የተቀበለኝ። ዝናቡ አባርቶ ባሌ "ውረጂ፣ ሥራ ልንጀምር ነው" ሲለኝ "አልወርድም" አልኩት።

"ምን ማለትሽ ነው አልወርድም?"

"አልወርድማ! ከፈለግህ ከነእኔ ፍታት።"

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱ ተቆጣ፣ ለመነ፣ ለአባትሽ እነግራለሁ ብሎ አስፈራራ፣ በመጨረሻ እሱም ሳቀ። ወፍጮው በዚያው ቀረ። እስኪሞት ድረስ ላገኘው ሰው ሁሉ "ሚስቴ ወፍጮዬ ላይ ተቀመጠችበት" እያለ ያወራ ነበር።

ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ጥገናውን የጀመርኩት ከወንበሯ ነው። ወንበር መስፋት ያው ልብስ መስፋት ነው ብዬ ነበር፤ ምኑ! የስፌት መኪናዬ መርፌ ቆዳውን ገና ሲነካ ተሰበረ። በወስፌና በወፍራም ክር፣ ጣቴን እየወጋሁ፣ የኋላውን ወንበር ብቻ ለመጨረስ ክረምቱም በጋውም አለፈ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ? ከወንበር ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት፣ ከዚያ ኮፈኑን ከፍቼ ወደ ሆድ ዕቃዋ ገባሁ። ስልኬ ላይ የአሜሪካ ሽማግሌዎች እንደሷ ያለች መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ አያለሁ፤ እንግሊዝኛቸው ባይገባኝ እጃቸው ይገባኛል። እሱም ካልገባኝ አጥር የሚያዋስነኝን መካኒክ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ላይ "እትዬ፣ ይሄ እኮ የወንድ ሥራ ነው" ብሎኝ ነበር። "መፍቻው ሴት መሆኔን በምን ያውቃል?" አልኩት። ሳቀና ክሪኩን አቀበለኝ። ከዚያ ወዲህ ወዳጄ ነው።

"ምን ያደርግልሻል?" ይሉኛል። ልትሸጫት ነው? አይደለም። ልታከራያት ነው? አይደለም። ታዲያ? ደስ ይለኛላ! ወንዱ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጫት ላይ ተቀምጦ ሲውል "ምን ያደርግልሃል" የሚለው የለም። እኔ አንዲት ካንዴላ ሳጸዳ ግን ከተማው በሙሉ ምክንያት ይጠይቀኛል። ምክንያት የለኝም። የተበላሸ ነገር እጄ ላይ ሲነሳ ደስ ይለኛል፣ በቃ።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ዘይቷ ነበር። በላይ እጨምራለሁ፣ በታች ታንጠባጥባለች። መካኒኩ ጎረቤቴ ከሥሯ ገብቶ አየና፣ ከሞተሩ ኋላ፣ ዋናው ዘንግ በሚወጣበት ቦታ፣ ዘይቱን የሚያግደው ነገር አልቋል አለኝ። የዛሬ መኪና እዚያ ቦታ ላይ ላስቲክ ነው ያለው። ፈትተን ስናወጣው ግን ምን ብናገኝ ጥሩ ነው? ገመድ! የተገመደ፣ ያረረ፣ የጠቆረ ገመድ። አሜሪካኖቹ ያን ሁሉ ኒኬል ከውጭ ለጥፈው ዘይቱን ያገዱት በገመድ ነው። አዲስ አበባ አስጠየቅኩ፤ የለም ተባልኩ።

ቁራጩን ይዤ ቤት ገባሁ። እናቴ አብራኝ ነው የምትኖረው። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ መስኮቱ ሥር ተጋድማ እኔንና መኪናዋን ስታይ ነው የምትውለው፤ ስታይና ስትተች። የተቃጠለውን ገመድ ተቀበለችኝ፣ በጣቶቿ አፍተለተለችው፣ አሸተተችው።

"ይሄ እኮ ቃጫ ነው" አለች።

"ኧረ እማ፣ የአሜሪካ ገመድ ነው።"

"የአሜሪካ ቃጫ ነዋ! ያውም በደንብ ያልተገመደ።"

እናቴ እኛን ያሳደገችን በዚህ ነው። እንሰት ፍቃ፣ ቆጮውን ለብቻ ቃጫውን ለብቻ አድርጋ፣ ገመድ ገምዳ፣ ያን ሁሉ በጀርባዋ ተሸክማ ከቡታጅራ ቡኢ ገበያ ድረስ በእግሯ ትመላለስ ነበር። "ቃጫ ግዢልኝ" አለችኝ፤ ገዛሁላት። ጉልበቷ ቢያረጅም እጇ አላረጀም፤ ተቀምጣ ድርቅ ያለ ገመድ ገመደችልኝ። ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ሱቅ ስሄድ ጠብቃ፣ "ደረቅ ገመድ ይሰነጣጠቃል" ብላ፣ ቅቤ ቀባችው። ቅቤ! አልነገረችኝም። ከመካኒኩ ጋር ስንታገል ውለን ገጠምነው። ሞተሩ ሲሞቅ ከኮፈኑ ሥር አንድ ሽታ ብቅ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ሰፈሩ በሙሉ ክትፎ ክትፎ ሸተተ። "ምን ድግስ አላችሁ?" ብሎ በር ያንኳኳ ሰው ነበር፤ ወላሂ አልዋሽም። እናቴ በመስኮት አንገቷን አውጥታ "መኪናዋ ናት የደገሰችው፣ ግቡ!" ትላለች። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ፈታነው። እናቴ እንደገና ገመደች፤ አሁን በሞተር ዘይት ዘፍዝፈን፣ ተማሪ የሚጽፍበትን እርሳስ ፍሬ ፈጭተን፣ በእሱ ለውሰን መለስነው። ዘይቱ ቆመ። ካርቶን ከሥሯ አንጥፌ ጠበቅሁ፣ ካርቶኑ ደረቅ ነው። እናቴን አቅፌ ሳምኳት። "ድሮስ አንቺ ሰው መቼ ታማክሪያለሽ" አለችኝ።

ሰዎቹ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ ሁለት ሰዎች አስከትሎ፣ ሦስቱም ንጹህ ለብሰው፣ በሬን አንኳኩ። ሰብሳቢያችን የብረታ ብረት ሱቅ ያለው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። "አሰላሙ አለይኩም፣ ለአንድ ጉዳይ ፈልገንሽ ነበር" አለ። እኔ ባሏ የሞተባት ሴት ነኝ፤ ሦስት ሰው ለብሶ "ለአንድ ጉዳይ" ብሎ ሲመጣ ልቤ ምን እንደጠረጠረ ታውቃላችሁ። ሻሼን አስተካከልኩ።

"ስለ መኪናሽ ነው" አለ ከተቀመጡ በኋላ።

ሻሼን ለቀቅሁት።

"እንደምታውቂው መቃብሩ ከከተማ ወጥቶ ርቋል። እድሩ መኪና የለውም፤ ሬሳ በወጣ ቁጥር ፒክአፕ ፍለጋ ነው። ያንቺ ደግሞ ረጅም ናት። የኋላ ወንበሯ ቢነሳ፣ ከወንበሩ ኋላ ያለው ብረት ትንሽ ቢቆረጥ፣ ቃሬዛው ልክክ ብሎ ይገባል። ለእድሩ ብትሰጪያት ለአኺራሽም ይሆንሻል።"

እሱ ይህን ሲል ከተከተሉት አንደኛው ወደ ውጭ ወጥቶ መኪናዬን በክንዱ ይለካታል። በመስኮት አየሁት። ደሜ ፈላ።

"ያንን ወንበር ማን እንደሰፋው ታውቃለህ?" አልኩት።

"እናውቃለን፤ እጅሽ ይባረክ።"

"አልሰጥም።"

"አስቢበት እንጂ።"

"አስቤ ጨረስኩ። ምጥ የያዛት ብትኖር፣ የታመመ ቢኖር፣ በፈለጋችሁት ሰዓት ኑና ቀስቅሱኝ፤ ራሴ ነድቼ ሆስፒታል አደርሳለሁ። መቁረጥ ግን የለም። ሬሳም የለም።"

ሰብሳቢው ተነሣ። ፈገግታው አልጠፋም። "ጉዳዩን ለጠቅላላ ስብሰባው እናቀርበዋለን። ጉባኤው የወሰነውን እምቢ ያለ አባል ይሰረዛል፤ ደንባችንን ታውቂዋለሽ። እናትሽም ሸምግለዋል። ነገ ሰው ያስፈልግሻል።"

ይህን ያለው ቀስ ብሎ፣ ጫማውን እያደረገ ነው።

እድር የሌለው አገር ሆኖ ለሚያነበኝ ሰው ልንገር። የእኛ እድር የሰፈር እድር ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ነው የሚለቀስለት። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ አግዳሚ የሚያመጣው፣ ሬሳውን የሚያወጣው እድር ነው። ከእድር የተሰረዘ ሰው ሬሳው ቤት ውስጥ ሆኖ ማን በር እንደሚያንኳኳለት አያውቅም። ሰብሳቢው "ሰው ያስፈልግሻል" ሲለኝ እናቴ መስኮቱ ሥር እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ በእናቴ ሬሳ ነው ያስፈራራኝ። 

ቅጣቱ ከስብሰባው በፊት ጀመረ። በሳምንቱ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። እንደ ወትሮዬ ማድ ቤት ገብቼ ድስት ላነሳ ስል አንዷ ከእጄ ቀበል አድርጋ "ተዪው፣ እኛ እንበቃለን" አለችኝ። ሌሎቹ አጎንብሰው ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ ቀና ያለች የለችም። ሱቄ የምትመጣ ደንበኛዬ ደግሞ "አንቺ ሴትዮ፣ ለአንድ አሮጌ መኪና ብለሽ እናትሽን ያለ ቀባሪ ልታስቀሪ ነው?" አለችኝ፤ ለእኔ አዝና ነው። ጨርቁን እየቆረጥኩ "አዎ፣ ልክ ነሽ" አልኳት፤ ቆርጬ ስጨርስ ግን የቆረጥኩት አጣምሜ እንደነበር አየሁ።

ፈራሁ። አልዋሽም። መኪናዋን ስለመስጠት ሳይሆን እናቴን ይዤ ብቻዬን ስለመቅረት ፈራሁ። እናቴ አንድ ቀን እንደምትሞት እኔ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ጉልበቷ ሄዷል፣ ደረቷም አልፎ አልፎ ይይዛታል። መኪናዋ ሳትነሣ በፊት ጤና ጣቢያ ስናመላልሳት በባጃጅ እየተንገጫገጨች፣ ጉድጓዱ ላይ "ወይኔ ጉልበቴ" እያለች ነበር። ያኔ እድሩ የት ነበር? ማንም "እናትሽ በምን ትሄዳለች" ብሎኝ አያውቅም። ስትሞት ግን ለስላሳ መኪና ሊያቀርቡላት ነው፤ ያውም የእኔን፣ ያውም ወንበሩን ነቅለው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ለማንም አልተናገርኩም። እኛ ዘንድ ጀናዛ ሲወጣ ሴት መቃብር አትሄድም። እናቴ በዚያች መኪና ብትወጣ መሪውን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ የገዛ መኪናዬ እናቴን ይዛ ስትሄድ ነው የማየው። 

ያም ሆኖ አንድ ጠዋት መፍቻ አንስቼ የኋላ በሯን ከፈትኩ። እንደ ጀግና ሳወራ ቆይቼ ተሸነፍኩ። ወንበሩን የያዘው ብሎን ላይ መፍቻውን አስገብቼ መጫን ስጀምር ከመስኮቱ "ምን ልታደርጊ ነው?" የሚል ድምፅ መጣ።

"ምንም።"

"‹ምንም› ያልሽውን ወንበር የሰፋሽበት ጣትሽ ገና አልሻረም። ነይ እዚህ።"

ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ዓይኗ እሳት ሆነ።

"የምሞተው ማነው?" አለችኝ።

"እማ…"

"እኔ አይደለሁም እንዴ? ታዲያ እኔን ማን ጠየቀኝ? የምሞተው እኔ፣ የሚማከሩት እነሱ፣ ወንበር የምትነቅዪው አንቺ! ስብሰባው መቼ ነው?"

"እሁድ ጠዋት።"

"ውሰጂኝ። በዚያችው ብረትሽ። ከዚያ ደግሞ ቡኢ ትወስጂኛለሽ።"

"ቡኢ ምን ልትሠሪ?"

"ምንም። ያን መንገድ ተቀምጬ ልየው።"

እስከዚያ ቀን መኪናዋን ከቤት እስከ ማደያ ካልሆነ ነድቻት አላውቅም። ለቡኢ የሚሆን ቤንዚን ለማግኘት ቅዳሜን ሰልፍ ላይ ዋልኩ። ከኋላዬ የተሰለፈ ባለ ሚኒባስ "እትዬ፣ ይቺ እኮ ማደያውን ከነሠራተኛው ትጠጣዋለች" አለኝ። "የአንተን አልነካም፣ አትስጋ" አልኩት። እሁድ ጠዋት መካኒኩ ጎረቤቴ እናቴን በክንዱ ታቅፎ አወጣልኝ። የኋላ ወንበሩ ላይ ስናስቀምጣት መጀመሪያ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተደገፈች፣ ከዚያ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ብርቅ ነው።

ስብሰባው የእድሩ ዕቃ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮው ጥላ ሥር ነው። ወንዶቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፣ ሴቶቹ በወዲህ በኩል። መርከቧ በሩን ሞልታ ስትገባ ወሬው ተቋረጠ። ሞተሯን አላጠፋኋትም፤ ከሞቀች በኋላ ካጠፋኋት አልነሣም ማለት ታበዛለች። ሰብሳቢው ፊቱ በራ። አምጥታ ልታስረክብ ነው ብሎ ነው መሰለኝ፣ እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ መጣ። እኔ ግን የኋላውን መስኮት ቁልፍ ተጫንኩ። የመስኮቷ ሞተር ደካማ ነው፤ እያቃሰተ፣ ስንዝር በስንዝር ነው የሚያወርደው። ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀ። መስታወቱ ወርዶ ሲያልቅ የእናቴ ፊት ታየ።

"አሰላሙ አለይኩም" አለች።

"ወአለይኩሙሰላም!" ያላለ የለም።

"መውረድ አልችልም፣ ጉልበቴ እምቢ ብሏል። እዚሁ ሆኜ ልናገር። እኔን ለመቅበር ነው አሉኝ የተሰበሰባችሁት።"

"ኧረ እማማ! ክፉ አይናገሩ፣ ስለ መኪናዋ ነው" አለ ሰብሳቢው።

"መኪናዋ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ" አለች እናቴ። "አንተ፣ አባትህ ሲሞት ክረምት ነበር፤ ትዝ ይልሃል? ጭቃው ጉልበት ድረስ ነበር። በምን ወጣ?"

ሰብሳቢው የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

"ልንገርህ፤ በትከሻ ወጣ። ባሌ አንዱ ተሸካሚ ነበር፤ ሲመለስ ጫማውን ጭቃው ውጦት በባዶ እግሩ ነው የመጣው። የዛሬው ትከሻችሁ ምን ሆነ? አመመው?"

"መቃብሩ ራቀ፣ እማማ" አለ አንዱ ከኋላ።

"ራቀ? እኔ ቆጮና ቃጫ ተሸክሜ፣ ይቺን ልጅ በሆዴ ይዤ፣ ቡኢ ደርሼ ተመልሻለሁ። ብቻዬን! እናንተ ይህን ያህል ሆናችሁ እኔ ከበድኳችሁ?" ክንዷን በመስኮቱ አወጣች። አጥንትና ቆዳ ብቻ ነው። "እዩት። ይህችው ነኝ።"

ከሴቶቹ በኩል አንዷ ስታነባ ሰማሁ። እኔ መሪውን ጨብጬ ወደ ፊት ብቻ ነው የማየው፤ ዞር ካልኩ ማልቀሴ ነው።

"የሚያስፈልጋችሁ መኪና ከሆነ አዋጡና ግዙ፤ እኔም አዋጣለሁ። የልጄን ግን አትቆርጧትም። እኔም በመኪና አልወጣም፤ በትከሻ ነው የምወጣው። ስለዚህ ድምፅ ልትሰጡ አይደል የመጣችሁት? ስጡ። እኔን የሚሸከም እጁን ያውጣ።"

እጁን ያወጣ የለም። የመኪናዬ ሞተር ብቻ ይሰማል። ጊዜው ረዘመብኝ፤ ማርሽ አስገብቼ ይዣት ልሂድ ብዬ ነበር። መጀመሪያ የመካኒኩ ጎረቤቴ እጅ ወጣ። ቀጥሎ የእድሩ ጸሐፊ፣ ሽማግሌ ሰው ነው፣ ከወንበሩ ተነሣ።

"እማማ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። እስከየት ነው የሚፈቀድልኝ?"

"እስከሚደክምህ" አለችው።

ሰው ሳቀ፤ ከሳቁ ጋር እጆች መውጣት ጀመሩ። እናቴ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። "አንተ አጭር ነህ፣ ታዘነብለኛለህ፤ ከኋላ ሁን። አንተ፣ መጀመሪያ ወገብህን ታከም። እሰይ፣ አንተ ትሆናለህ።" አግዳሚው ላይ ያለው ወንድ ሁሉ እጁን አወጣ። አንድ ሰው ቀረ።

"አንተስ?" አለችው ሰብሳቢውን።

ሰብሳቢው መሬት መሬት እያየ እጁን እስከ ደረቱ አነሣ።

"ከፍ አድርገው፣ ዓይኔ ደክሟል።"

ከፍ አደረገው። ከዚያ ወደ ተሰብሳቢው ዞሮ፣ በዚያው በማይጮህ ድምፁ፣ "የመኪናው ጉዳይ ተዘግቷል" አለ። ወደ እኔ አላየም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁትም፣ አሁንም አልጠይቀውም።

"በሉ፣ ስብሰባችሁን ቀጥሉ" አለች እናቴ። "ንጂ አንቺ።"

የቡኢን መንገድ ያዝን። አስፋልቱ ላይ መርከቧ ስትሄድ መሄዷም አይታወቅም። እናቴ መስኮቱን ክፍት እንድተወው ነገረችኝና ነጠላዋን አገጯ ሥር ቋጠረች። ኬላ ከተማ እስክንደርስ ድረስ የምታወራው ስለ ቦታው ነው። "እዚያ ጋ ሸክሜን አሳርፍ ነበር። እዚያ ውሃ ነበረ፤ አሁን የለም። እዚያች ዳገት ላይ አንዴ ወድቄ ቆጮው ተንከባለለብኝ፣ ሳቅሁ እንጂ አላለቀስኩም።" ኬላን ካለፍን በኋላ ዝም አለች። በመስታወቱ አየኋት፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ደነገጥኩ።

"እማ? ደህና ነሽ? ምነው ዝም አልሽ?"

"ፈርቼ ነበር እኮ" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

"ምኑን?"

"እጃቸውን ባያወጡስ ብዬ።"

መንገዱ ደበዘዘብኝ። እንባዬን በሻሼ ጫፍ ጠረግሁና ፍጥነቴን ቀነስኩ። ከኋላ አንድ ሚኒባስ ጡሩምባ ነፋብኝ፤ ይንፋ።

"ባያወጡ እኔ እሸከምሽ ነበር" አልኳት።

"አንቺ? ሴት?"

"እኔ። ሴት። ማን እንደሚያስቆመኝ አየው ነበር።"

 ወንበሩን ተደግፋ ወደ ፊት ተጠጋች፣ እጇን ከኋላዬ ዘረጋች፣ ገበያ ላይ በሬ እንደሚገዛ ሰው ትከሻዬን ጨበጥ፣ ለቀቅ፣ ደግሞ ጨበጥ አደረገችው።

"ይችላል" አለች።